የደበላን መኪና ያመማት ነገር

ደበላ ኮልፌ ወደሚገኘው የልብስ ሰፊው የረሻድ ሱቅ ሲገባ፣ በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ አንድ ሰው ተቀምጦ አዲስ ካፖርቱን ይጠብቅ ነበር። ደበላ በደንብ ያውቀዋል፤ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የልብ ወዳጁ ነበር። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣውና ጀርባውን ሰጥቶት ረሻድ ፊት ቆመ።

ጣሊያን ከተማውን ከያዘ ወዲህ ሰው ሁሉ በግልጽ መናገር ትቷል። የደበላ ሚስት የአየለች ወንድም፣ ገብረአምላክ፣ ኬላ ላይ ተይዞ ከተወሰደ በኋላ ደግሞ ደበላ ቤቱ ውስጥ እንኳ በሹክሹክታ ነበር የሚያወራው። ያን ቀን ግን ሆዱ በነገር ሞልቶ ነበር። ከሰውየው ይልቅ የተናደደው በራሱ ነው።

«እንዴት ዋልክ ረሻድ? ሚስትህ ዘይነባ ተሻላት? ዝናቡ ዘንድሮ ቶሎ ገባ አይደል… እኔማ ደህና ነኝ። ይህን ሱሪ ጉልበቱ ላይ እንድትጥፍልኝ ነው የመጣሁት። ተንበርክኬ መኪና ስመረምር ሰነበትኩ እኮ። አዎ፣ ያችን ከአርመኑ የገዛኋትን አሮጌ። እኔና እሷ አንድ ነን፤ ሁለታችንም ካልገፉን አንነሳም።

«መጀመሪያ መብራቷ ደበዘዘ። እኔ ሊቁ ምን አደረግሁ? መስታወቱ ቆሽሾ ነው ብዬ በሳሙና አጠብኩላት። ደግነቱ የሰው ደግ አይጠፋም። አንድ ሰው አለ… ስሙን ብጠራው ያፍራል፣ መመስገን አይወድም። ‹ዲናሞው ለባትሪው ኃይል አልሰጥ ብሎ ነው፣ እኔ አይልሃለሁ› አለኝ። ያን የመሰለ ልብሱን ለብሶ ከመኪና ሥር ተጋደመልኝ። ይህን ወንድም ያደርገዋል? ቢላ አምጣ ሲለኝ በሁለት እጄ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ደግሞ አሳቢነቱ… ‹መቼ ነው የምትወጣው? በየት በኩል? ማን አብሮህ ይሄዳል?› ይለኛል። እኔ ሞኙ ሰው ሲያስብልኝ ደስ ስለሚለኝ፣ ያልጠየቀኝንም ጨምሬ ነገርኩት። ባትሪውን ወስዶ ሞልቶ መለሰልኝ።

«ገና ሳይነጋ ወጣን፤ መብራቷ ፀሐይ መስሏል። ገብረአምላክ ‹ወዳጅህ እጁ የተባረከ ነው› አለኝ። ጥቂት እንደሄድን ብርሃኑ ቀላ… ኬላው ጋ ስንደርስ ሞተሩ አንዴ አሳለና ቀጥ አለ። ወታደሮቹ መንገድ ላይ ወጥተው ቆመዋል። እንግዳ ተቀባዮች ናቸው። እኔን አልፈው ገብረአምላክን በስሙ ጠሩት። አማቼ ይህን ያህል የታወቀ ሰው መሆኑን በምን ልወቅ?

«እኔንም መረመሩኝ። ምን ታውቃለህ ሲሉኝ ስለ ባትሪ አወራሁላቸው። አስተርጓሚው ሰለቸውና ‹ለዚህ ሰው ማንም ምስጢር አይነግረውም› አላቸው፤ ለቀቁኝ። ሞኝነቴ የጠቀመኝ ያን ቀን ብቻ ነው። መኪናዬን በበሬ አስጎትቼ ስመለስ የኮልፌ ሰው ወጥቶ አየኝ።

«ከዚያ ራሴ ገባሁባት። የባትሪው ውሃ ሙሉ ነው። ማሰሪያውን ከዝገት ፋቅሁ፤ ለውጥ የለም። ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶም አልላላም። ዲናሞውን ፈትቼ ከትንሽ አምፖል ጋር አገናኝቼ ባዞረው፣ በራ። አየህ፣ ሰጪው ይሰጣል፣ ተቀባዩም ይቀበላል፤ የሚጠፋው መሃል ላይ ነው። ሽቦውን በጣቴ እየተከተልኩ ሄድኩ። ሆዷ ሥር፣ ዘይትና አቧራ በተጋገረበት፣ አንድ ቦታ ብቻ ንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎበታል። ፈታሁት። ሽቦው በስለት ተቆርጦ፣ ጫፍ ለጫፍ ተገጥሞ፣ መሃሉ ኃይል የማያሳልፍ ቁራጭ ጎማ ገብቶበታል። እንዴት ያለ ጥንቁቅ እጅ ነው… አንተ ልብስ ሰፊ ሆነህ እንዲያ አሳምረህ ትጠቀልላለህ?»

የረሻድ እግር የስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ደረቀ። ከኋላ አግዳሚው ሲጥ አለ። ደበላ አልዞረም። ሰውየው ወጥቶ አንድ ቃል ቢናገር እሱም ከገብረአምላክ ጎን እንደሚታሰር ያውቃል። አየለች ይህን ሰዓት ለወንድሟ ስንቅ ትቋጥራለች፤ እስር ቤቱ ተቀብሏት አያውቅም። ይህን ሲያስብ ድምፁን ይበልጥ አለሰለሰው።

«አይ፣ እኔ ማንንም አልጠረጥርም። አይጥ ይሆናል። ዘንድሮ ቢላ የሚይዝ አይጥ መጥቷል አሉ… እኔ የምናደደው በራሴ ነው፤ መኪናዋን ያን ሁሉ ስመረምር፣ ከሥሯ የተጋደመውን ሰው አንዴ እንኳ አልመረመርኩም። በል፣ የኔ ሱሪ ይቆይ፤ የእንግዳህን ካፖርት ቶሎ ጨርስለት፣ ብርድ እንዳይነካው። ያን ደግ ሰው ግን ጠዋት ማታ እመርቀዋለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጠው። ልጆቹ ጠባዩን ይውረሱ። በጭንቁ ቀን፣ ሰው ሁሉ ሲሸሸው፣ ልክ እንደ ራሱ ያለ ወዳጅ ከጎኑ አይጥፋ። አሜን በል እንጂ ረሻድ።»