ለሬሣ የምናስቀምጠው ቃል

ቅዳሜ ቀትር ላይ ከሽመና ፋብሪካው ወጥቼ የቦዩን ድልድይ ስሻገር መምህርት ኢዲት ከፊቴ ድቅን አለች። ስትሮጥ ነው የመጣችው።

«ወይዘሮ ሐና! አሊስ አሁን ተሰናብታኝ ሄደች። ማንቸስተር ሰው ቤት ልትቀጠር ነው። ባቡር ጣቢያ ናት።»

አሊስ ልጄ፣ የኢዲትም የቀድሞ ተማሪ ናት፤ ሦስት ዓመት ከጎኔ ቆማ ሸምናለች።

«ምን ሆንኩ ብላ?»

«ሽመና አልሆነልኝም ብላ ነዋ!»

«ማን አላት? ትናንት ያስረከበችውን ጨርቅ መርማሪው አንድ የእንከን ምልክት በጠመኔ ሳያደርግበት ነው ያሳለፈው!»

«ታዲያ ነገሯት?»

«ምን ብዬ? ጠመኔ ካልነካው ደህና ነው። የሚነገረው እንከን ነው።»

«ግሬድሊ ነው ቢሏት ምን ነበረበት?»

ደሜ ፈላ። ግሬድሊ በኛ በላንካሺር እንዲሁ የሚወረወር ቃል አይደለም። እንከን የማይወጣለት፣ እምነት የሚጣልበት ማለት ነው። ለጨርቅም ለሰውም ይባላል፤ ለሰው ግን የምንለው የሬሣ ሳጥኑ ከቤት ሲወጣ ነው።

«ስሚ አንቺ ልጅ፣ መጽሐፍ ስላነበብሽ ልጅ ማሳደግ አታስተምሪኝ። የተመሰገነ እጅ ይሰንፋል። እኔንም እናቴ አላለችኝም፤ ይኸው አልሞትኩም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እናትዎ ሥራዎን ይወዱት ነበር?»

«እንዴታ! ለጎረቤት ሁሉ ስታወራ ነው የኖረችው።»

«በምን አወቁ?»

«በቀብሯ ቀን ነገሩኝ» አልኩ። የዚያን ቀን ደስ አላለኝም፤ ተናደድኩ እንጂ። ሃያ ዓመት ከአፏ ስጠብቅ፣ ለካ ለሌላ ስታድለው ኖራለች።

ኢዲት አልጨቀጨቀችኝም። «ባቡሩ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል» ብቻ አለች።

ሮጬ ጣቢያ ስደርስ አሊስ ተሳፍራለች። ባቡሩ ያፏጫል። የሽመናው መኪና ጆሮ ስለሚያደነቁር እኛ በከንፈር መነጋገር ልማዳችን ነው፤ መስኮቱ ፊት ቆሜ ያለ ድምፅ «ሥራሽ ግሬድሊ ነው» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። «በድምፅሽ በይው፣ እማዬ።»

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! የባቡሩ ጠባቂ በሮቹን መዝጋት ጀምሯል።

«ግሬድሊ ሸማኔ ነሽ!» ብዬ ጮህኩ። «አምናም ነበርሽ!»

አንድ ሽማግሌ «ይቺ ሴትዮ አበደች» አለ።

«አንተም ሄደህ ሚስትህን ግሬድሊ ነሽ በላት!» አልኩት።

አሊስ ሻንጣዋን ወርውራ ወረደች።

ምስጋና ያሰንፋል የምትሉ እናቶች፣ እኔም ከእናንተው ነበርኩ፤ ተሳስቻለሁ። አሊስ ዛሬ ፋብሪካው ውስጥ አዲስ ገቢ ሸማኔዎችን ታስተምራለች። ያማረላቸውን አምሯል ስለምትላቸው፣ ክር ሲበጠስባቸው ጨርቁን አጥፈው አይደብቁም። ራሳቸው ይዘውላት ይመጣሉ።