ፊንላንድ የጠቀመኝ ኦሮምኛ
ፊንላንድ በገባሁ በወሩ ነው። በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሰሞን ቤተሰቤ ያለበት ቡራዩ ስልክ አልሠራ ብሎ፣ የቤተሰቤን ድምፅ ከሰማሁ ሰነባብቷል። ልቤ እንደተንጠለጠለ የምኖርባት ትንሽ የፊንላንድ ከተማ ቋንቋ ትምህርት ቤት ገባሁ። መምህሯ በፊንላንድኛ "እሳት"፣ "ንፋስ" እና "ጉምሩክ" የሚሉ ቃላት ጻፈች፤ የሚለያዩት ድምፅ በመሳብና በማጥበቅ ብቻ ነው። ተማሪው ሁሉ ተሳሳተ። እኔ ተነስቼ ልቅም አድርጌ አነበብኩላት።

"ማን አስተማረሽ?" አለች ገርሟት።

"ኦሮምኛ ነዋ! እኛም በላቲን ፊደል ስንጽፍ የሚሳበውንም የሚጠብቀውንም ፊደል እንደግመዋለን።"

ክፍሉ አጨበጨበልኝ። ከዚያ ወዲህ ንባብ የማስጠናቸው እኔ ሆንኩ። ስልኩ ሲከፈት ለአባቴ ነገርኩት። "እኛ መንገድ ተዘግቶብን ቤት ተቀምጠናል፤ ቋንቋችን ግን ፊንላንድ ገብቷል በይኛ!" ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። እኔም እዚያ ከተማ ከገባሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ሳቅሁ።