«ብሬክ አላስተማርኩም»

ወደ ጅግጅጋ መሀል ከተማ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ ሁለት የኮምፒውተር ተማሪዎች ተቀምጠው ነበር።

«መምህሩ ዜሮ ሰጠኝ እኮ፣ ሆዳን!»

«ጥያቄው ምን ነበር?»

«ከቶጎጫሌ ከገቡ መኪኖች ዝርዝር አንድ በአንድ እየዞረ አንድ ታርጋ የሚፈልግ ሉፕ በጃቫስክሪፕት ጻፉ ይላል። ታርጋው ሲገኝ ፍለጋው እንዲቆም ብሬክ ጻፍኩ።»

«ታዲያ ልክ ነሻ!»

«‹እኔ ብሬክ አላስተማርኩም፣ እስከ መጨረሻው መዞር አለበት› አለኝ።»

«ወላሂ፣ አጎቴ እንኳን የጠፋች ግመሉን ካገኘ ወደ ቤቱ ነው የሚመለሰው!»

«‹ኮምፒውተር ላይ ልሞክረውና ይዩት› ስለው፣ ‹ፈተናው በወረቀት ነው› አለኝ። በዚህ ዜሮ ዓመቱን ልደግም ነው!»

«የኮሌጁ ዲን ጋ ሂጂ እንጂ!»

«ዲኑ እኮ እሱ ራሱ ነው!»

ገና ያላረምኳቸውን የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀቶች የያዘውን ቦርሳዬን ቀስ ብዬ ወደ ደረቴ አስጠጋሁት።