ሦስት ዙር ለሙሽሪት

(እሁድ ረፋድ፣ ጣና ዳር። የጀልባ መካኒኳ ማስተዋል ቬሎ ለብሳ ከወደቡ ጫፍ ቆማለች፤ አጎቷ ካፒቴን ይርዳው ሙሽራውንና ሠላሳ አጃቢ ከጫነችው ጀልባው ላይ ሆኖ ይጣራል።)

ይርዳው፦ ግቢ እንጂ አንቺ ልጅ! የከበሮ መቺዎቹ እጅ ዛለ እኮ።

ማስተዋል፦ አልገባም ጋሼ። መጀመሪያ ሰዉን አውርድ።

ይርዳው፦ ሙሽሪት ሊወስድ የመጣ ሰው ባዶ እጁን ይወርዳል?

ማስተዋል፦ በሕይወት ይወርዳል፤ አይበቃውም? ለመሆኑ ወደቡ ፊት ሦስቴ የዞርከው ለምንድን ነው?

ይርዳው፦ ለክብርሽ ነዋ! እልልታውን አልሰማሽም?

ማስተዋል፦ ሰምቻለሁ። ሁለተኛው ዙር ላይ ፊትህንም አይቻለሁ። ሰው ሲያከብር «ማርያም ድረሽ!» ይላል?

ይርዳው፦ ደስታ ነው… ደስታ ያስለፈልፋል።

ማስተዋል፦ ሞተር አጥፍተህ በእንጨት እየገፋህ የተጠጋኸውም ከደስታ ብዛት ነው? እስቲ መሪውን ወደ ቀኝ አዙር።

ይርዳው፦ ይኸው።

ማስተዋል፦ ከመሪው ጋር መዞር የነበረበት ሞተር ንቅንቅ አላለም።

ይርዳው፦ ትንሽ ይዘገያል። አስቦ ነው የሚዞረው።

ማስተዋል፦ ጨምር።

ይርዳው፦ ጨመርኩ።

ማስተዋል፦ አሁንም ያስባል! የመሪውን ገመድ ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ብሎን የታለ? ይሄ ሮዝ ነገርስ?

ይርዳው፦ ሪባን። የብሎኑ ማጥበቂያ ዳዶ ጠዋት ወለቀና ብሎኑን ውሃ በላው። ከጌጥ ፊኛዎቹ የተረፈ ሪባን ነበር… ሰባት ጊዜ ቋጥሬዋለሁ እኮ!

ማስተዋል፦ ሠላሳ ሰው በሪባን! ባለፈው ሳምንት ዳዶው ላልቷል ስልህ «ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ» አልከኝ። ሠላሳ ዓመት መንዳት ዳዶ ያጠብቃል? ጣና የሥራ ልምድህን አንብቦ ያሳልፍሃል?

ይርዳው፦ ቀስ በይ! የሙሽራው እናት «ልጄን ጠልታው ነው» እያሉ ነው። ወንድሙማ ወደ ቤት እንመለስ ብሏል።

ማስተዋል፦ ታዲያ እውነቱን ንገራቸዋ! የጠላሁት መሪህን እንጂ ልጃቸውን አይደለም። ድምፅ ማጉያው እጅህ ላይ ነው።

ይርዳው፦ ያን ዙር እኮ ሰው ሁሉ በስልኩ ቀርጾታል! «ካፒቴን ማለት እሱ ነው» ተብያለሁ። ይልቅ የፀጉር ማስያዣሽን ወርውሪልኝ፣ በብሎኑ ቦታ ልሰካው።

ማስተዋል፦ የፀጉር ማስያዣ ፀጉር ይያዝ! አዲስ ብሎንና ዳዶ ከዕቃ ሳጥኔ አለ፤ ሩብ ሰዓት ይበቃኛል። ሰው እንደተሳፈረ ግን አልነካውም፤ እነሱም ምክንያቱን ሳያውቁ አይወርዱም። ምረጥ ጋሼ፦ ያንተ ዝና ወይስ የእኔ ሠርግ?

ይርዳው፦ በቬሎ ልትሠሪ?

ማስተዋል፦ ጭራውን አንተ ትይዝልኛለህ።

ይርዳው፦ ሃሎ፣ ሃሎ… እናት፣ ልጅዎን እንደ ነፍሷ ትወደዋለች! ያ ሦስት ዙር ግን የክብር አልነበረም፤ መሪው አልታዘዝ ብሎኝ ነው። እልል ያላችሁ በሙሉ ይቅርታ፤ አንድ በአንድ ውረዱ… አንቺ ማስተዋል፣ ስንት ቁጥር መፍቻ ላቀብልሽ?