ጋቢ የለበሰው ዋንዛ

ዛሬ ግንቦት 25 ቀን ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በጋሼ ስመኘው መሸኛ ላይ ንግግር አቅራቢዋ አንቺ ነሽ ስባል የውኃ ማጠጫውን ጥዬ ልጠፋ ነበር። ከችግኝ ጋር እንጂ ከሰው ጋር ማውራት አልለመድኩም። ወረቀት እያየሁ ባነብ አትቀየሙኝ።

ጋሼ ስመኘው፣ ለጥበቃ ተቀጥረው የመጡ ዕለት እኔ እዚህ አልነበርኩም። ያልነገረኝ ሰው ግን የለም። ዱላ ይዘው ይመጣሉ ሲባል አካፋ ተሸክመው መጡ አሉ። የመንደሩን ግንባታ የሚመሩት ኢንጂነር ሰብለ "ጋሼ፣ ሌባ የሚያባርሩት በአካፋ ነው?" ቢሉዎት፣ "ታዲያ ሌባው እስኪመጣ ሥራ ፈትቼ ልቀመጥ?" አሉ። እስኪነጋ ሰባት የችግኝ ጉድጓድ ሲቆፍሩ አደሩ። ሌባው እስከ ዛሬ አልመጣም፤ ችግኞቹ ግን ጣሪያ አልፈዋል።

ጠዋት ጠዋት ዛፎቹን እንደ ተማሪ በየስማቸው እንደሚጠሩ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። "ዋንዛ!" ይላሉ። "አለሁ" ብለው ራሳቸው ይመልሳሉ። አንድ ቀን ግንበኛው ገብረ ሕይወት ካፖርቱን ሊሰቅል ዛፍ ላይ ሚስማር ሲመታ ደረሱበት። ሚስማሩን ተቀብለው፣ የት እንደሚመቱት የሚያስቡ ይመስል፣ የገብረ ሕይወትን ትከሻ በዓይናቸው ይለኩ ጀመር። ይኸው በዚያ ሁሉ የሚያዝያ ሙቀት ካፖርቱን ለብሶ ነው የገነባው።

የጋቢውን ነገር ካላነሳሁ ደግሞ አትለቁኝም። የመጀመሪያው መንገድ ሲቀየስ ትልቁ ዋንዛ መንገዱ የሚያልፍበትን ከሚያሳየው ችካል መሃል ገባ። ሾፌሩ ናሁሰናይ መንገድ መጥረጊያውን ግሬደር አስነስቶ ሲደርስ ዋንዛው ጋቢ ለብሶ ቆሟል። የስለት ዛፍ መሰለው። ወረደ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ አማተበ፣ ከዚያ ዛፉን ዞሮ መንገዱን ጠመዘዘው። ኢንጂነር ሰብለ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ቆይተው ግን አይተው አይተው "ይሁን" አሉ። ባለፈው ወር መንደራችን ከተፈጥሮ ጋር ተስማምቶ ተሠርቷል ተብሎ ሲሸለም፣ ሸላሚዎቹ ከሁሉ አስበልጠው ያደነቁት ያንን መንገድ ነው። ምስክር ወረቀቱ ላይ "ለዛፍ ጎንበስ ያለ መንገድ" ብለው ጻፉለት። ናሁሰናይም ዋንጫውን አቅፎ ፎቶ ተነሳ።

እኔ አንድ ቀን ጠይቄዎት ነበር፤ ጋቢዎን ለዋንዛው አውቀው ነው ያለበሱት? "ኧረ ልጄ፣ ዝናብ አርሶኝ ላደርቀው ነው" አሉኝ። መንገዱ የተጠረገው በጥር ነው።

ጋሼ፣ ስምዎ ምስክር ወረቀቱ ላይ የለም። እዚያ ጥላ ሥር የሚጫወቱት ልጆች ግን "የጋሼ ዛፍ" ነው የሚሉት። እኔንም ስቀጠር "እጅሽ ችግኝ ያጸድቃል" ብለውኛል። ከዚያ በፊት ስለ እጄ መልካም የነገረኝ አልነበረም። አመሰግንዎታለሁ።

ነገ ሁለተኛው መንገድ ይጠረጋል፤ የብሳናው ዛፍ ደግሞ ችካሉ መስመር ላይ ነው። ናሁሰናይን ብጠይቀው "ዘንድሮ የማየው ችካል ብቻ ነው" አለኝ። ችካል የሚያስነሱት ኢንጂነር ሰብለ ደግሞ ዛሬ ቡሬ ናቸው፤ የሚመለሱት ነገ ጠዋት ነው። እስካሁን ሁላችንም ጋሼ ይነግሩልናል እያልን ነበር። ጋሼ ግን ነገ ጠቅልለው አገራቸው ሽንዲ ይገባሉ።

እስቲ ብርጭቋችሁን አንሱልኝ። ለጋሼ ስመኘው! ጤና ይስጥዎት። የሽንዲ ግቢዎ በዛፍ ይሙላ፤ ስም ሲጠሩም ሁሉም "አለሁ" ይበሉዎት።

ጋቢዎን ይዘው ይሂዱ፤ ለብሳናው ይተዉልኝ ብዬ አልለምንዎትም። ነገ ግሬደሩ ሳይነሳ ብሳናው ሥር ቆሜ እጠብቃለሁ። ኢንጂነር ሰብለ ሲመጡ በአፌ እነግራቸዋለሁ፤ ያለ ወረቀት።