የተላጠው ሽቦ

ዝናብ የማይተዋወቁ ሰዎችን በአንድ ጣሪያ ሥር ያቆማል። ሽማግሌው ልብስ ሰፊ የሰፏቸውን የተማሪ ደንብ ልብሶች በላስቲክ ጠቅልለው ለባለቤቶቻቸው ሊያደርሱ ሲሄዱ ዶፉ መንገድ ላይ ያዛቸውና ከአንድ የአዝራርና የክር መሸጫ ሱቅ በረንዳ ገቡ። ወዲያው አንዲት ወጣት ሴት እየሮጠች መጥታ አጠገባቸው ቆመች። ከያዘችው ዘንቢል አፍ ላይ ሆዱ የተዘረገፈ አሮጌ ራዲዮና የተጠቀለለ ሽቦ ብቅ ብሏል።

ሽማግሌው ሽቦውን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ውዳቂ ምን ልታደርጊበት ነው?»

«ላስተምርበት ነው፣ አባቴ» አለች ፈገግ ብላ። «ከዚህ ወረድ ብሎ ባለው ትምህርት ቤት የቴክኖሎጂ አስተማሪ ነኝ። እኛ ዘንድ ውዳቂ የሚባል ነገር የለም።»

 ሽማግሌው «አንቺ» ማለታቸውን ትተው «እርስዎ» ማለት ጀመሩ። ከአክብሮት ብቻ የመጣ አልነበረም፤ አንዳንዴ «እርስዎ» ከእሾህ አጥር ይብሳል።

«እርስዎ ነዎት ለካ የልጅ ልጄን ከሽቦ ጋር ያቆራኟት! እኛ ቤት ጎርጓሪት ነው የምንላት። ያገኘችውን ዕቃ ሆዱን ከፍታ ካላየች እንቅልፍ አይወስዳትም። ሰባተኛ ክፍል ናት። በቀደም ከካርቶን ቤት ሠርታ፣ በየክፍሉ አምፖል ሰክታ፣ በባትሪ ድንጋይ አብርታ አሳየችኝ።»

የመምህርቷ ፊት በራ። «አወቅኳት! ከክፍሉ ሁሉ የተዋጣለት ሥራ የእሷ ነበር። ማብሪያ ማጥፊያውን ከእስክሪብቶ ሞላ ነው የሠራችው። ግን ለውጤት ሳታቀርበው ቀረች። ተሰበረብኝ አለችኝ።»

«አልተሰበረባትም። እኔ ረገጥኩት።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። 

ሽማግሌው ክፉ ሰው አልነበሩም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ የደረሰባቸው ነገር ነው እንዲህ ያደረጋቸው። የልጅቷ አባት፣ አንድ ልጃቸው፣ የመብራት ሠራተኛ ነበር። ከምሰሶ ላይ ሬሳው በገመድ ሲወርድ ከታች ቆመው አይተዋል። እናቷ ኑሮ ገፍቷት ሌላ ከተማ ስትሄድ ልጅቱን እሳቸው ወሰዱ፤ በመርፌና በክር አሳደጓት። ከዚያ ወዲህ ሽቦ ሲያዩ የሚታያቸው ያ ገመድ ነው።

ይህንኑ በአጭሩ ነገሯትና «እኔ ልጅ ትምህርት ቤት የምልከው ቀለም እንድትቆጥር ነው» አሉ። «ደብተርና እስክሪብቶ ሰው ገድለው አያውቁም።»

«ነፍስ ይማር፣ አባቴ። ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሲመሽ ቤትዎ ውስጥ ምን ይበራል?»

«አምፖል ነዋ!»

«ታዲያ ሽቦው መቼ ከቤትዎ ወጣ? እርስዎ ያስወጡት ዕውቀቱን ነው እንጂ ሽቦውን አይደለም። በቤት ውስጥ መርፌ ካለ፣ ልጁ ስለ መርፌ ስላልተነገረው መርፌው ይዶለዱማል?»

«አነጋገሩንስ ያውቁበታል። ልጄ ግን ከእርስዎም ይበልጥ ያውቅ ነበር። ዋናተኛን የሚወስደው ውኃ ነው። ማወቅ የሚያድን ከሆነ እሱን ስለ ምን አላዳነውም?»

ይህ ቀላል ጥያቄ አልነበረም። መምህርቷ ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ «እንዴት ነበር የሆነው?» አለች።

«መስመሩ ጠፍቷል ብለውት ወጣ። ከታች የቆመው አዲስ ቅጥር ሳያውቅ መልሶ አበራው።»

«እንግዲያው ልጅዎን የገደለው የእሱ ማወቅ አይደለማ። የሌላው አለማወቅ ነው።»

ሽማግሌው በጥፊ የተመቱ ያህል ደነገጡ። ጥቅላቸውን አንስተው፣ ደህና ዋይም ሳይሉ፣ በዚያ ዶፍ ውስጥ ወጥተው ሄዱ። እውነት ሰዓቷን ካልጠበቀች እንደ ስድብ ትሰማለች።

የሚኖሩት ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ ነው። ከእሳቸው ክፍል ቀጥሎ አንዲት ልብስ አጣቢ ከታናሽ እህቷ ጋር ትኖራለች። ሳቂታ ሴት ነበረች። «እርስዎ ይሰፋሉ፣ እኔ አጥቤ አሳሳለሁ፤ ሁለታችን ባንኖር ይህ አገር አዲስ ልብስ አይገዛም» እያለች በየጠዋቱ ታስቃቸዋለች።

ክረምቱ ሲበረታ ጎርጓሪት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ ጣሪያውን አንጋጣ ስታይ ቆየች።

«አባባ፣ ወደ አጣቢዋ ክፍል የሚገባው ሽቦ ቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ተልጧል። የልብስ ማስጫው ሽቦ ደግሞ የታሰረው ከዚያው ቆርቆሮ ምስማር ላይ ነው። ዝናብ ሲነካው…»

«አንቺን ማን የመብራት ሠራተኛ አደረገሽ?» አሉ የስፌት መኪናቸውን ሳያቆሙ።

«ሄጄ ልንገራት?»

«አርፈሽ ተቀመጪ! ከአከራይዋ ልታጣይኝ ነው? ባለፈው ጣሪያው ያፈሳል ያለውን ተከራይ ምን እንዳደረገችው አላየሽም? ዕቃውን ደጅ ነው ያወጣችው። ዓይንሽን ከሽቦ ላይ አንሺ፣ ደብተርሽን ያዢ።»

ልጅቷ ደብተሯን ያዘች። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ምሳሌ ሽማግሌው ለሰው ሲናገሩት ኖረዋል፤ በገዛ ቤታቸው ግን ቅጠሏን ከልጅቷ እጅ ቀሟት።

ሲዘንብ ያደረበት ጠዋት ነበር። አጣቢዋ በባዶ እግሯ ጭቃው ላይ ቆማ እርጥብ አንሶላ ልታሰጣ እጇን ሰደደች። ሽማግሌው ከመኪናቸው ቀና ሲሉ ጩኸት ሳይሆን ማቃሰት ሰሙ። የሴትየዋ እጅ ሽቦውን ጨብጦ አልለቅ ብሏል፤ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል። እህቷ «እታለም!» እያለች ሮጠች። ሽማግሌውም ከዘራቸውን ጥለው ሮጡ።

«አትንኳት! አባባ፣ እንዳይነኳት! እህቷን ይያዙልኝ!»

ጎርጓሪት ነበረች። ድምፅዋ የልጅ ድምፅ አልነበረም። ሽማግሌው ለምን እንደታዘዙ ራሳቸውም አያውቁም፤ ብቻ የእህትየዋን ቀሚስ ከኋላ ጨምድደው ያዙ። ልጅቷ በርጩማ ወደ ቆጣሪው ሥር ጎትታ ላዩ ላይ ወጣችና ዋናውን ማጥፊያ ወደ ታች መታችው። አጣቢዋ ወደቀች፤ አንሶላው ላይዋ ላይ ወደቀ።

በሰው ትከሻ ጤና ጣቢያ አደረሷት። አልተረፈችም። ሐኪሙ እጁን እየታጠበ «መብራቱን ያጠፋው ማን ነው?» ሲል ጠየቀ። ሽማግሌው በጣታቸው ልጅቷን አሳዩት። «ባታጠፋው ኖሮ ዛሬ የምቀበለው ሬሳ አንድ ብቻ አይሆንም ነበር» አለ።

ከቀብር በኋላ አከራይዋ ባለሙያ አምጥታ ሽቦውን አስለወጠች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።  ጎርጓሪት ግን የቴክኖሎጂ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ አመመኝ ብላ ትወጣ ጀመር። አንድ ምሽት አያቷ ሲጨቀጭቋት «አይቼው ነበር እኮ፣ አባባ። ብነግራት ኖሮ…» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በማግስቱ ሽማግሌው ትምህርት ቤት ሄዱ። መምህርቷን ያገኟት የተግባር ክፍሉ ውስጥ ነው። በጠረጴዛው ላይ የልጆቹ ሥራ ተደርድሯል፦ በአሸዋና በከሰል ውኃ የሚያጣራ ጠርሙስ፣ ከቆርቆሮ የተሠራ የእጅ ባትሪ፣ ገና ያላለቀ የንፋስ ወፍጮ።

«ልጄ፣» አሉ ሽማግሌው፤ «እርስዎ» የሚለው አጥር ፈርሷል። «ያን ቀን ያልሽኝ ነገር እንደ እሾህ ተሰክቶብኝ ቀረ። የአጣቢዋ ደም አንገቴ ላይ ነው። ልጅቷ ነግራኝ ነበር። አፏን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

መምህርቷ ወንበር ሰጥታቸው ከፊታቸው ተቀመጠችና የሆነውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው። «ሽቦውን ያላደሰችው አከራይዋ ናት። እርስዎም ድርሻዎን አውቀዋል። የእኔም ጥፋት አለበት። ለልጆቹ አስተማርኩ እንጂ ወላጆችን ጠርቼ አላሳየሁም። የልጅ ዕውቀት ሰሚ ካላገኘ ዲዳ ነው።»

«አሁን ምን ይሻለኛል? እኔ አምኜ ብመጣ ልጅቷ ትምህርትሽን እምቢ አለች።»

«ያስጣሏት እርስዎ ነዎት፣ አባቴ። የሚመልሷትም እርስዎ ነዎት። እኔ ብናገር የአስተማሪ ወሬ ነው የሚሆንባት።»

ልጅቷ ተጠርታ መጣች። ከበሩ አልፋ አልገባችም። ሽማግሌው በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡና፣ ለእሷ እንደ ትልቅ ሰው፣ ቆመው ተናገሩ።

«ስሚኝ፣ ልጄ። አንቺ ያየሽውን አይተሻል፣ መናገር ያለብሽንም ለእኔ ተናግረሻል። ጥፋቱ የሰሚው ነው። ይህን ሸክም ከትከሻሽ አውርጂና ለባለቤቱ ለእኔ ስጪኝ። እኔ ሽቦ እንዳትነኪ ስከለክልሽ ከሞት የጠበቅኩሽ መስሎኝ ነበር። ለካ ሞት እቤታችን ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ መልኩን የምታውቂው ደግሞ አንቺ ብቻ ነበርሽ። እጅሽ ያንን ካርቶን ባይነካ፣ ዋናው ማጥፊያ የቱ እንደሆነ ባታውቂ፣ እኔም የሟች እህትም ዛሬ አፈር ውስጥ ነበርን። ቀለም ብቻ የቆጠረ ልጅ አደጋን በቃሉ ያውቃል፤ በእጁ የሠራ ልጅ ግን አደጋው ሲመጣ እጁ ያውቃል። እኔም መስፋት የተማርኩት መርፌ እየወጋኝ ነው እንጂ ስለ መርፌ ተነግሮኝ አይደለም። አባትሽን የወሰደው አለማወቅ ነው። አለማወቅን ቤቴ ውስጥ በእጄ አልቀልበውም ከእንግዲህ።»

 ልጅቷ ከበሩ አልፋ ገባችና «ቲቸር፣ ግቢያችን ያሉትን ሰዎች ማስተማር ይቻላል?» አለች።

«ይቻላል እንጂ።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ተከራዮቹ ሁሉ ቆጣሪው ሥር ተሰበሰቡ። አከራይዋም ሻርፕ ተከናንባ ከኋላ ቆማለች። መምህርቷ ጥቂት ተናገረች፤ የቀረውን ለልጅቷ ተወችላት። ጎርጓሪት እርጥብ እጅና ሽቦ ለምን እንደማይታረቁ፣ የተላጠ ሽቦ በምን እንደሚታወቅ፣ ሰው በኤሌክትሪክ ሲያዝ አስቀድሞ ምን እንደሚደረግ አስረዳች። ቀጥሎም እያንዳንዱ ሰው በርጩማው ላይ እየወጣ ዋናውን ማጥፊያ በእጁ እንዲሞክር አደረገች። ሽማግሌው መጀመሪያ ወጡ፤ አጠፉት፣ መልሰውም አበሩት። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ግቢ ልጅ አይቶ የተናገረውን «ዝም በል» የሚል ሰው የለም። ያረጀ ሽቦ ከታየ ሳይለወጥ አያድርም፣ ማጥፊያው የት እንዳለ የማያውቅ የለም። ዕውቀት ከደብተር ወደ እጅ፣ ከልጅ ወደ አዋቂ ሲሻገር የሚሰጠው ጥቅም ይህ ነው፤ ሟችን አይመልስም፣ ቀጣዩን ግን ያስቀራል።

በዚያ እሑድ መጨረሻ ላይ ተራው ለአጣቢዋ እህት ደረሰ። ጥቁር ልብሷን ሰብሰብ አድርጋ በርጩማው ላይ ወጣች። እጇ ከማጥፊያው ሳይደርስ አየር ላይ ቀረ።

«አይዞሽ፣ እትዬ። ወደ ታች ነው» አለቻት ጎርጓሪት ከሥር።

ሴትየዋ ሳበችው። ቀጭ አለ። ከየክፍሉ ይሰማ የነበረው ራዲዮ ሁሉ ጸጥ አለ።

እጇን ሳታነሳ ወደ ሰዎቹ ዞረች።

«ይቺን ታህል ነው?» አለች። «ይቺን ብቻ?»

 ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ወደ በርጩማው ሄደው እንድትወርድ ትከሻቸውን ሰጧት።