ጠዋት የከዳት እጅ

በጣሊያን ዘመን ነው፤ ከኮልፌ ወደ ከተማ በሚሄድ ጋሪ ላይ ነበርኩ። አጠገቤ የተቀመጡ ሁለት የማይተዋወቁ ሴቶች፣ አንዲት አሮጊትና አንዲት ጎልማሳ፣ ወሬ ጀመሩ።

«ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው እጅሽን የምታሺው?»

«ጠዋት ድንገት ከዳኝ፣ እማማ። እንስራው ወድቆ ተሰበረ። ምላሴም ተሳስሮ ነበር። አሁን ግን አለፈልኝ።»

«እህቴም አለፈልኝ ብላ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግማሽ ጎኗ በድን ሆነ።»

«ምነው፣ ጸበል አልወሰዷትም?»

«ወሰድናት። ኋላ ሐኪም ዘንድ ስናደርሳት ክንዷን አስሮ ለካና፣ ‹የደሟ ግፊት ኃይለኛ ነው፤ ያኔ እጇ ሲከዳት ብታመጧት መልካም ነበር› አለን። ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ አገላብጣታለሁ፤ ቀና አድርጌ በማንኪያ አጎርሳታለሁ።»

«ሐኪሙ ጣሊያን ነው?»

«ነው።»

«ባሌን የገደሉት እነሱ ናቸው። እጄን አልሰጣቸውም።»

«የኔንም ልጅ ገድለውታል። ልጆች አሉሽ?»

«ሦስት።»

«አንቺ ከወደቅሽ እነሱን ማን ያጎርሳቸዋል? ሐኪም ቤቱ እዚሁ ነው፤ እኔ አብሬሽ እገባለሁ።»

ጎልማሳዋ ነጠላዋን አጣፍታ፣ «ባለጋሪ፣ አውርደን» አለች።

ተደጋግፈው ከሄዱ በኋላ፣ እኔ መውረጃዬ ማለፉን እንኳ ሳላውቅ ብዙ መንገድ ሄድኩ።